የናዝሚ ቋጠሮ

ቱርክ አገር፣ ጎጄክ ወደብ ላይ ስለ ሸራ ማውራት የማይወድ ሰው የለም። ስለ ምሰሶ ቁመትና ስለ ነፋስ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን የሚያወጋ ሞልቷል። ስለ ሽንት ቤት ግን እስኪደፈን ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም። የተደፈነ ቀን ያ ሁሉ ነጭ ሱሪ ለባሽ ካፒቴን አፍንጫውን ይዞ «ናዝሚ ኡስታን ያያችሁ? ናዝሚ የት ገባ?» እያለ ወደቡን ያምሰዋል።

ናዝሚ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሸራ ጀልባ ሽንት ቤት ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ አጠር ደልደል ያለ፣ ከጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይጠፋ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። «ኡስታ» ብለው በሙያው የሚያከብሩት ሲፈልጉት ነው። ዞር ሲል «ሽንት ቤቱ ናዝሚ» ይሉታል። ይህንንም ያውቃል። «እኔ ጠጋኙ ነኝ፤ የሞሉት እነሱ ናቸው» ብሎ ይስቃል።

እውነቱን ለመናገር ከሞተረኛውም ከሸራ ሰፊውም ይልቅ የሰው ነፍስ በእጁ ያለችው እሱ ነው። የጀልባ ሽንት ቤት እንደ ቤት ሽንት ቤት አይደለም። መቀመጫው ከባሕሩ ልክ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ፓምፑ የሚስብበትም የሚገፋበትም ቀዳዳ የጀልባዋን ሆድ በስቶ ያልፋል። ቱቦው ሽቅብ ወጥቶ፣ ከባሕሩ በላይ ዞሮ፣ መዞሪያው ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከሌለው ባሕሩ በዚያው ተስቦ ይገባና ባለቤቱ ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ጀልባዋ ሰጥማ ቁጭ ትላለች። ያቺ የአየር ቀዳዳ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ጨው ይደፍናታል። ናዝሚ በየፀደዩ በመርፌና በአቼቶ ያጸዳታል፤ ፓምፑን በወይራ ዘይት ያርሰዋል፤ የደረቀውን ጎማ ይቀይራል። ምሰሶ ሲቀባ የሚያደንቅ ሰው ይሰበሰባል፤ ይህን ሲሠራ የሚያየው ግን የለም።

ከዚያ ደግሞ ቫልቩ አለ። እጀታው ወደ ግራ ሲዞር የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደ ማጠራቀሚያ ታንኩ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀጥ ብሎ ወደ ባሕር። በእነዚህ ዳርቻዎች ወደ ባሕር መልቀቅ ክልክል ነው። ታንኩን የፍሳሽ መምጠጫዋ ጀልባ ትመጥጠዋለች፤ የተመጠጠውም በሰማያዊ ካርድ ላይ ይመዘገባል። ካርዱ ቢያንስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ካልተሞላ ተቆጣጣሪ ይመጣል።

ተቆጣጣሪዎቹ ግን ከካርዱም በላይ የሚያምኑት ሌላ ነገር ነበራቸው። የናዝሚ አባት ከባሕር ሥር ስፖንጅ የሚለቅም ጠላቂ ነበር። ጫፉ ተመልሶ ሁለቴ በራሱ ሥር የሚገባ፣ በእርጥብ እጅ የማይፈታ ቋጠሮ ነበረው። ናዝሚ የደንበኛውን ሽንት ቤት አድሶ ሲጨርስ የቫልቩን እጀታ ወደ ታንኩ ያዞርና በሰም በታሸ የሸራ ክር በዚያ ቋጠሮ ያስረዋል። ክር ነውና ማንም ሊበጥሰው ይችላል። እንደነበረ አድርጎ መልሶ ማሰር ግን አይሆንለትም። ተቆጣጣሪዎቹ የወለሉን ክዳን ከፍተው ቋጠሮውን ያዩና «የናዝሚ ነው፤ እለፍ» ይላሉ። በዚህ ቋጠሮ አርባ ሁለት ጀልባዎች ይተዳደሩ ነበር። ናዝሚ መሬት የለው፣ ሱቅ የለው፤ ያለው ይኸው ነበር።

ቋጠሮውን የሚያውቁት በሕይወት ያሉ ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ናዝሚ፣ ሁለተኛው የጡት ወንድሙ ካፒቴን በድሪ።

የበድሪ እናት በወሊድ ስትሞት ጎረቤቷ ዘሊሃ፣ የናዝሚ እናት፣ ልጁን ከራሷ ልጅ ጋር አንድ ላይ አጥብታ አሳደገችው። «ናዝሚ በግራ፣ በድሪ በቀኝ። ቀኙ ወተት ይበዛው ነበር፤ በድሪ የረዘመው ለዚህ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። ለውትድርና ሲጠሩ ሁለቱም እግሯ ሥር ተንበርክከው፣ እንደ አገሩ ወግ «እማ፣ ያጠባሽንን ሐላል አድርጊልን» ብለው ነበር። የወተትሽ ዕዳ ይቅር ይባልልን ማለት ነው፤ ሰው ላይመለስ በሚችልበት መንገድ ሲወጣ ይህን ሳይጠይቅ አይሄድም። እሷም ሐላል ብላ፣ አልቅሳ ሸኘቻቸው።

በድሪ አድጎ ቁመናው የሚያምር፣ ተጫዋች፣ ቱሪስት የሚሻማበት ካፒቴን ሆነ። አሥራ አራት ሜትር የሸራ ጀልባ ገዝቶ ስሟን «ዘሊሃ» አላት። አሮጊቷ ስሟን በሰማያዊ ቀለም ጀልባ ላይ ተጽፎ ስታይ ያለቀሰችውን ልቅሶ ሰፈሩ አይረሳውም። ናዝሚ የጀልባዋን ሽንት ቤት ከመቀመጫው እስከ ሆዷ ቀዳዳ ድረስ በእጁ ሠራው። ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት በየፀደዩ አደሰው። ዋጋ ተነሥቶ አያውቅም።

የፍሳሽ መምጠጫዋን ጀልባ የምትነዳው ሹክሪዬ ትባላለች። ወደቡ ላይ የማታውቀው የሰው ገመና የለም፤ ሁሉም በቱቦዋ ነው የሚያልፈው። ካቻምና አንድ ቀን ሻይ ቤቱ በር ላይ እንደ ታላቅ ወንድሟ «አቢ» የምትለውን ናዝሚን አስቆመችው።

«ናዝሚ አቢ፣ የወንድምህ እንግዶች መላእክት ናቸው እንዴ?»

«ምነው?»

«የሌላውን ስመጥ እንባዬ ነው የሚወርደው። የእሱን ስመጥ ግን ምንም! አንዳንዴማ ባሕር ባሕር ይሸተኛል። ሐብሐብ ብቻ ነው እንዴ የሚያበላቸው?»

ናዝሚ ደረቱ ተነፋ። «ሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ቱቦ ነው፣ እህቴ። እኔ የገጠምኩት አይሸትም።»

«እንግዲያው ሽቶ ፋብሪካ ክፈታ!»

ሳቁ፣ ተለያዩ። ናዝሚ ግን ነገሩን ለቀናት በሆዱ ይዞት ዞረ። ለሚስቱ ለሳኒዬ ሁለት ጊዜ ነገራት። በዕድሜው ሥራውን በአደባባይ ያሞገሰለት ሰው ስላልነበረ ደስታው ልክ አልነበረውም።

አምና በነሐሴ በለስ በሚባለው ዳርቻ የሚዋኙ የሰፈር ልጆች ጆሯቸው መግል ይዞ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሐኪም ቤት ተመላለሱ። ውኃው ተመረመረ፤ የተገኘው ፍሳሽ ነው ተባለ። በዚያ ሳምንት እዚያ መልሕቅ የጣሉት ሁለት ጀልባዎች ነበሩ፤ የበድሪ «ዘሊሃ» እና የሃይሪ የሚባል ወጣት ካፒቴን ጀልባ። ሃይሪ የናዝሚ ደንበኛ አልነበረም፤ ቫልቩም አልታሰረም። የወደቡ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ኒልጉን፣ በአገሩ አጠራር ኒልጉን ሃኒም፣ ናዝሚን አስጠርታ፣ «በድሪ ጀልባ ላይ ያለው ቋጠሮ ያንተ ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው» አለ ሳያቅማማ። «ቋጠሮው የእኔ ከሆነ ባሕሩ ንጹሕ ነው። ሌላ ቦታ ፈልጉ።»

ሌላ ቦታ ፈለጉ። ሃይሪ ሲምል ሲገዘት ፈቃዱን ተነጠቀ። አሁን ፌቲዬ ከተማ አጠገብ በላስቲክ ቤት ውስጥ የሰው ቲማቲም ይለቅማል። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ገበያ ላይ ናዝሚን ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞርበት ነበር። ናዝሚ ደግሞ «ባልሽ ነው ልጆቹን ያሳመመ፤ በእኔ ምን አኮረፈሽ» ይል ነበር በሆዱ።

በዚህ ፀደይ «ዘሊሃ» ከባሕር ወጥታ በጀልባ መጠገኛው ግቢ በድጋፍ እንጨት ላይ ቆማለች። ዓርብ ዕለት ናዝሚ የተለመደ ሥራውን ሊሠራ ገባ። ቋጠሮውን አየው፤ እንከን አልነበረበትም። ቆረጠውና ኪሱ ከተተው። የጀልባዋን የሆድ ቀዳዳ የሚዘጋው የነሐስ ቧንቧ ግን ጨው ይዞት አልዞር አለ። እሱን ለመቀየር ከቫልቩ ወደ ባሕር የሚሄደውን ቱቦ መፍታት ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት ነክቶት አያውቅም። ለምን ይነካዋል? ምንም የማያልፍበት ቱቦ ነው።

ቱቦውን አንቆ የያዘውን ፋሼታ በካቻቢቴ ፈታና ሳበው። ከበደው። ባዶ ቱቦ አይከብድም።

ይዞት ወርዶ ከግቢው ድንጋይ ጋር አንዴ አጋጨው። ከውስጡ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ቅርፊት የሚመስል ነጭና ቢጫ ድንጋይ ተንኮታኩቶ ወረደ። ሽንትና የባሕር ውኃ ሲገናኙ ድንጋይ ይሠራሉ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። ናዝሚ ያንን ድንጋይ አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። የዚህ ቱቦ ቀዳዳ ጠቦ ጠቦ አውራ ጣቱን አላስገባ አለ። ተመልሶ ወጥቶ ወደ ታንኩ የሚሄደውን፣ እሱ ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚያስበውን ቱቦ ጫፉን ፈታና ጣቱን ሰደደበት። ልክ ከሱቅ እንደመጣ ለስላሳ ነበር።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ትዝ ያለው ሃይሪ ነው። ቀጥሎ የሃይሪ ሚስት። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቋጠሮ አውጥቶ አገላብጦ አያት። የእሱ እጅ አይደለም የሠራት፤ የእሱን እጅ የሚያህል ሌላ እጅ ነው። ያን እጅ ያውቀዋል። ከአንድ ሳህን አብሮት በልቶ አድጓል።

በድሪ በግቢው ሻይ ቤት ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጦ ነበር። ናዝሚ ቱቦውን አቅፎ ሲመጣ አየው።

«ምን አቅፈህ ነው የምትመጣው? በስተርጅና ወለድክ እንዴ?»

ናዝሚ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አጋደመው። «ጣትህን አስገባ።»

«ሻይ እየጠጣሁ?»

«አስገባ አልኩህ!»

በድሪ አላስገባም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ናዝሚ።

«ስማኝማ፣ ናዝሚ…»

«ከመቼ?»

«ከሁለተኛው ዓመት» አለ በድሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስምንት እንግዳ ነው የምጭነው። ታንኩ በሁለት ቀን ግጥም ይላል። ነሐሴ ላይ ለሹክሪዬ ግማሽ ቀን ተሰልፈህ ታውቃለህ? ሰዉ ሊዋኝ ነው የመጣው እንጂ ሰልፍ ሊያይ አይደለም።»

«በሚዋኝበት ላይ እኮ ነው የለቀቅክበት!»

«ጎህ ሲቀድ ነው የምለቀው፣ ሰው ሳይነሣ። ባሕር ነው፤ ይበላዋል።»

«ሃይሪንም በላው?»

በድሪ ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። «የሃይሪን ነገር አላሰብኩትም። እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

«ቋጠሮዬንስ? በየቀኑ እየፈታህ እየቋጠርክ? በእኔ ስም?»

«የአንተ ብቻ ነው እንዴ?» አለ በድሪ፣ አሁን ቀና ብሎ። «አባባ ለሁለታችንም ነው ያስተማረን።»

ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም የጋራ ዕቃ ነው ተባለ። ናዝሚ ቱቦውን ብድግ አድርጎ ወደ ወደቡ ቢሮ መሄድ ጀመረ። በድሪ ከኋላው ሮጦ ክንዱን ያዘው።

«እሺ። እሺ ልክ ነህ። ግን አንተ አትሂድ። እኔ ልሂድ። በራሴ አፍ ልናገር፤ ከሰው ፊት በወንድሜ ተጎትቼ ከምቀርብ። ሰኞ ጠዋት። በእማ ጡት ይዤሃለሁ፣ ናዝሚ። እስከ ሰኞ ብቻ።»

ናዝሚ አየው። ቁመተ ረጅሙ በድሪ ጎብጦ ነበር።

«ለሃይሪም ትናገርለታለህ?»

«ከሁሉ በፊት ለእሱ። ቱቦውንም ተወው፤ ራሴ ይዤው እገባለሁ። የቀረውንም አትግጠም፤ በዚህ ሆድህ ሥራ አይሠራም። ቤትህ ግባ።»

ናዝሚ ቱቦውን ሰጠው። ደግሞ ትንሽ ቀለል አለው። ሳኒዬ ስትጠይቀው «የሚናገረው እሱ ራሱ ይሁን፤ እንደዚያ ይሻላል» አላት። ቅዳሜና እሁድ ከቤት አልወጣም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከግቢው ጥሪ መጣ። ሲደርስ የጀልባ መጠገኛው ሰው ግማሹ በ«ዘሊሃ» ዙሪያ ቆሟል። ኒልጉን ሃኒም ደብተሯን ይዛለች። ሹክሪዬም የመምጠጫ መዝገቧን ታቅፋ መጥታለች። በድሪ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጀልባዋ ላይ ቆሟል፤ ናዝሚን ግን አላየውም።

«ውጣ፣ ናዝሚ ኡስታ» አለች ኒልጉን ሃኒም። ወጣ። የወለሉ ክዳን ተከፍቷል። ዓርብ ፈትቶ የተዋቸው ቱቦዎች ተገጥመዋል፤ ወደ ባሕር የሚወስደውም አዲስ ቱቦ ነው። እጀታው ወደ ታንኩ ዞሮ በሰም ክር ታስሯል። «ይህ ቋጠሮ ያንተ ነው?»

አምና ይህንኑ ስትጠይቀው ምን ያህል ፈጥኖ እንደመለሰ ትዝ አለው። «የአባቴ ነው» አላት።

እሷም አንድ ባልዲ ውኃ ሽንት ቤቱ ውስጥ አስደፋችና «ፓምፑን ግፉት» አለች። በድሪ ገፋው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከታች ካሉት ሰዎች ጩኸት ተሰማ፤ ውኃው በጀልባዋ ሆድ ቀዳዳ ተንዠቅዥቆ ሲሚንቶው ላይ ወርዶ የቆሙትን ጫማ አረሰ።

«አያችሁ?» አለ በድሪ። «እጀታው ወደ ታንክ ታስሮ ፍሳሹ ወደ ባሕር ነው የሚወጣው። ሁለቱን ቱቦ አምታቶ ነው የገጠመው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ ካፒቴን ነኝ፤ ከወለል ሥር ያለውን ምን አውቄ? ወንድሜ ነው፣ ኡስታ ነው ብዬ አመንኩት። ዓርብ ዕለት አሮጌው ቱቦ ድንጋይ ሞልቶት ሳገኘው ነው የገባኝ። እሱን ያመጣሁላችሁም እኔው ነኝ።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ናዝሚን ክው ያደረገው እንባው የእውነት መምሰሉ ነው።

ከታች ጉምጉምታው ተነሣ። «የእኔንም እንዲህ ገጥሞት ይሆናላ!» አለ አንዱ ካፒቴን። «የእኔ ዛሬውኑ ይፈታ!» አለ ሌላው። አርባ ሁለቱ ጀልባዎች ናዝሚ ዓይኑ እያየ ከእጁ ሊወጡ ነው። አንድ አፍታ ዝም ልበል ብሎ አሰበ። ዝም ካለ ሃይሪ ነጻ ይወጣል፤ በድሪም ይተርፋል፤ የሚቀበረው የእሱ ስም ብቻ ነው። እናታቸው ትዝ አለችው። ከዚያ ግን ቱቦውን አየና የገጠመው እጅ እንኳ እንዳልተጠነቀቀ አስተዋለ። ናዝሚ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ፋሼታ ነው የሚያደርገው፣ የብሎኖቻቸውን ራስ ግራና ቀኝ አዙሮ። እዚህ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ዞረዋል።

«ፋሼታው የእኔ አይደለም» አለ።

«ፋሼታ ነው አሁን የምታወራው?» አለ አንዱ ከታች፤ ሰዉ ሳቀበት።

ያኔ ሹክሪዬ መዝገቧን ከፍታ ገጽ እያገላበጠች፣ ፊቷ ቅጭም ብሎ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለች።

«ምንድን ነው?» አለች ኒልጉን ሃኒም።

«ሁሉም ወደ ባሕር ሲሄድ ከነበረ ታንኩ ውስጥ ምንም መኖር የለበትም፤ አይደል? እኔ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ ስመጥለት ነው የኖርኩት። ይኸው፣ ሰባት ዓመት እኔው በእጄ ጽፌዋለሁ። ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ታዲያ ስመጠው የኖርኩት ምንድን ነው?»

ናዝሚ ጆሮው ውስጥ የራሱን ድምፅ ሰማው፤ እኔ የገጠምኩት አይሸትም። ፊቱ በእፍረት ጋለ።

«ታንኩ ይከፈት» አለ።

«ለምን ይከፈታል? ሽታ ነው የሚሆነው» አለ በድሪ ቶሎ ብሎ።

«አይሸትም» አለ ናዝሚ። «የወንድሜ ታንክ ሸትቶ አያውቅም።»

ስድስቱን ብሎን እሱው ፈታ። ኒልጉን ሃኒም መብራቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ከታንኩ ሥር አሸዋ ተኝቷል። ገመድ የመሰለ የደረቀ የባሕር ሣር፣ ጥቃቅን ዛጎሎች፣ የአንዲት ሸርጣን እግርም ነበረበት። ሰው የሚበላውም የሚወጣውም ነገር አልነበረበትም። በድሪ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከባሕር በባልዲ እየቀዳ ከላይ በመሙያው እየገለበጠ ታንኩን ሞልቶ ለሹክሪዬ ያቀርብላት ነበር፣ ካርዱ እንዲሞላ።

«ካፒቴን» አለች ኒልጉን ሃኒም፣ ዛጎሏን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «ፍሳሹ ታንክ ይገባል ብለህ የምታምን ከነበረ የባሕር ውኃ ለምን ትሞላበታለህ?»

በድሪ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«እኔ እኮ ተናግሬያለሁ!» ጮኸች ሹክሪዬ። «ባሕር ባሕር ይሸተኛል ብዬ ተናግሬያለሁ! አንተ ናዝሚ አቢ ግን ቱቦዬ ነው ብለህ ተኮፈስክ!»

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ናዝሚ ለኒልጉን ሃኒም ዓርብ ያገኘውንና በድሪ የጠየቀውን ቀነ ቀጠሮ አንድ በአንድ ነገራት። ጽፋ ስትጨርስ፣ «ለሃይሪ ዛሬውኑ ይደወልለት፤ ፈቃዱን መጥቶ ይውሰድ» አለች። በድሪ ከጀልባዋ ሲወርድ በናዝሚ በኩል አለፈ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «በጡት ወንድምህ ጨከንክ» አለው። ናዝሚ ካቻቢቴውን ጠረገ። ሰዉ ሲበተን ያንን ቋጠሮ ቆርጦ ባሕር ውስጥ ሊጥለው ፈለገና ባሕሩ ምን አደረገኝ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወደ እናቱ ቤት አቀና። ወሬው ከጎረቤት ሳይደርሳት እሱ ሊነግራት ይገባል። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ፣ ሳያስበው ለበድሪ ጠበቃ ሆኖ መቆም ጀመረ። ፈርቶ ነው። እሁድ እንቅልፍ አጥቶ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት፣ ሰይጣን አሳስቶት ቱቦውን አገላብጦት ይሆናል። ዓርብ ክንዴን ሲይዘኝ እውነቱን ነበር፤ ቃሉን የበላው በኋላ ነው። የፈራ ሰው ያገኘውን ይይዛል። የእናቱ በር ላይ ሲደርስ በዚህ ሐሳብ ትንሽ ተጽናንቶ ነበር። ለእሷም እንዲሁ ሊነግራት ነው፤ ፈርቶ ነው ብሎ።

እማማ ዘሊሃ በረንዳው ላይ እሸት ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፤ እጇ ግን አልደከመም። ናዝሚ እጇን ስሞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምነው ዛሬ ሁለታችሁም አስታወሳችሁኝ?» አለችው። «ከቅዳሜ ጀምሮ ደስ ብሎኛል።»

«ቅዳሜ ማን መጣ?»

«በድሪ ነዋ! ጠዋት፣ ገና ሻዬን ሳልጠጣ። ቱቦ ገዝቼ ስመለስ ነው እማ፣ ጀልባዋ ላይ የምሠራው ሥራ አለኝ አለኝ። ከዚያ እዚህ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ተንበረከከ።»

ናዝሚ ያነሣት የባቄላ ፍሬ ከእጁ ወደቀች። «ለምን ተንበረከከ?»

«ያጠባሽኝን ሐላል አድርጊልኝ አለኛ። እንደዚያ ለውትድርና ስትሄዱ እንደነበረው። አለቀሰም፣ የኔ ልጅ። ምን ሆነህ ነው፣ የት ልትሄድ ነው ብለው አይናገርም።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? በሙሉ ልቤ ሐላል ይሁንልህ አልኩት።» እጇን ዳብሳ የናዝሚን ጉልበት ያዘች። «ረጅም መንገድ የሚወጣ መስሎኝ ነው። ሄደ እንዴ?»

ናዝሚ የወደቀችውን ፍሬ ፈልጎ አነሣ። «ፈርቶ ነው» ሊላት ያዘጋጀውን ሁሉ ቅዳሜ የተገዛው ቱቦ አፈረሰው።

«አዎ፣ እማ» አላት። «ሄዷል።»